«እነሱ ባይኖሩ ኖሮ» የሚለው ሒሳብ

ከጊዮርጊስ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ወሬያችን በ2016 ዓ.ም. ስለፈረሱት የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ነው። ዕድሜያቸው ሰባ የሚሆን፣ አራዳን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ማኪያቷቸውን እያማሰሉ፣ «እነዚያ ሴቶች የት ደርሰው ይሆን?» አሉ፤ በዚያ ሰፈር ይሠሩ የነበሩትን ሴተኛ አዳሪዎች ማለታቸው ነው። ጥያቄው የርኅራኄ መሰለኝ። ቀጥለው ግን፣ «እነሱ ባይኖሩ ኖሮ እኮ የእኛ ሴቶች ልጆች ከቤት አይወጡም ነበር። ባለጌው ሁሉ እነሱ ላይ ይወጣለት ነበር» አሉ። ጠረጴዛውን የከበብነው ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅኩ።

አዛውንቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ያሉትንም በዚህ ከተማ በታክሲ ውስጥ፣ በለቅሶ ድንኳን፣ በቢሮ ኮሪደር ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። በአዘኔታ ድምፅ ስለሚነገር ጭካኔው ቶሎ አይታይም። ወደ ቤቴ ስሄድ ነው አንድ ነገር የቆረቆረኝ፤ የእኛ ልጆች እነዚህ ከሆኑ እነዚያ የማን ልጆች ናቸው?

ሐሳቡ ከእሳቸው የመነጨ አይደለም፤ ከ1,600 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የቤተ ክርስቲያን መምህሩ አውግስጢኖስ፣ ሴተኛ አዳሪዎችን ከሰው ልጆች መካከል ብታስወግድ ፍትወት ሁሉን ነገር ያናውጠዋል የሚል ሐሳብ ጽፏል። ኃጢአት ነው የሚለውን ነገር የከተማው ሰላም እንዳይደፈርስ ሲል ዐይኑን ጨፍኖ አለፈው ማለት ነው። ከእሱ በኋላ ሥራውን በአንድ ሰፈር አጥረው ያስቀመጡ ብዙ የከተማ ሹማምንት ምክንያታቸው ከዚህ አይርቅም። በእኛም ከተማ የጣሊያን ወራሪ በያዘን አምስት ዓመት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለሠራዊቱ የሚሆኑ ቤቶችን በሥርዓት አደራጅቶ ነበር። ወራሪው ሲወጣ ሥራው አልወጣም። ውቤ በረሃ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ የሚሉት ስሞች እስከ ትናንት ድረስ ለብዙ ሰው ከሌሊቱ ኑሮ ተለይተው አይታሰቡም ነበር።

የሐሳቡ አሠራር ቀላል ነው። ወንድ ማለት ክዳኑ ጠብቆ እሳት ላይ የተጣደ ድስት ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ ካላገኘ ክዳኑን ወርውሮ ቤተሰቡን ያቃጥላል። ስለዚህ ማስተንፈሻ ያስፈልገዋል። ሴተኛ አዳሪዋ ያቺ ማስተንፈሻ ናት። ከዚህ በኋላ «የማስተንፈሻው ሐሳብ» ስል ይህንኑ ማለቴ ነው። ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናልፈው ነበር። ስለ ዓለም የሚናገር ሐሳብ ስለሆነ ግን ሊፈተሽ ይችላል።

ድስቱና እንፋሎቱ

የማስተንፈሻው ሐሳብ እውነት ከሆነ መድፈር የሚበዛው ሴት ባጡ ወንዶች ዘንድ መሆን አለበት። ባለትዳሩ ተንፍሶለታልና አይደፍርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው፣ አሥር አገሮችን ባካተተ ጥናት ውስጥ ከኢትዮጵያ የተመረጠው ቡታጅራና አካባቢው ነበር። እዚያ ከተጠየቁት፣ ባል ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች መካከል 59 በመቶዎቹ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከዚሁ ሰው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። እዚህ ላይ ወሲባዊ ጥቃት የተባለው በጉልበት መገደድን ብቻ አይደለም፤ እምቢ ብል ምን ያደርገኝ ይሆን ብሎ ፈርቶ እሺ ማለትንም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ በበኩሉ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 10 በመቶዎቹ ከማንም ይሁን ከማን ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ማለታቸውን መዝግቧል። አንዱ በአንድ አካባቢ፣ ሌላው በአገር ደረጃ፣ በተለያየ አጠያየቅ የተገኙ ስለሆኑ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አቁሞ ማወዳደር አይቻልም። የቡታጅራው ቁጥር ግን ብቻውን ይበቃናል፤ በማስተንፈሻው ሐሳብ መሠረት ባል መውጫው የተከፈተለት ወንድ ነውና።

ታዲያ የሚደፍር ሰው ለምን ይደፍራል? ይህን ወንዶቹን ራሳቸውን የጠየቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ጥናት በስድስት የእስያና የፓስፊክ አገሮች ከ10,000 በላይ ወንዶችን አነጋግሯል። አጋራቸው ያልሆነችን ሴት መድፈራቸውን ካመኑት መካከል ሦስት አራተኛ ያህሉ የሰጡት ምክንያት ይገባኛል ከሚል ስሜት የሚመነጭ ነው፤ ፈለግኳት፣ ስለፈለግኳትም አደረግኩት። ጨዋታና መሰላቸትን የጠቀሱ፣ በቁጣና ለመቅጣት ያደረጉትም አሉ። በዚሁ ጥናት ወሲብን በገንዘብ ወይም በስጦታ ያገኙ ወንዶች መድፈርንም የመፈጸም ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ታይቷል። ከዚህ ተነስቶ አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይቻልም፤ ሁለቱም የሴት ገላ ይገባኛል ከማለት፣ ከአንድ ሥር ሊበቅሉ ይችላሉ። ማስተንፈሻው ቢሠራ ኖሮ ግን ከፍ ማለቱ ቀርቶ ዝቅ ባለ ነበር።

ጥናቱን ትተን በዐይናችን ያየነውን ብንጠይቅ እንኳ የድስቱ ምሳሌ አይቆምም። ሊፈነዳ ደረሰ የተባለው ሰው የአለቃውን ልጅ በቀን በአደባባይ አይዳፈርም። ይጠብቃል። ይጨልማል። ብቻዋን የምትሄደውን፣ ዘመድ የሌላትን፣ ብትናገር የማትታመነውን ይመርጣል። ድስት ሲገነፍል ማን ላይ እንደሚፈስ አይመርጥም።

በር ላይ የሚያልቀው ውል

ብትናገር የማትታመነው ሴት ማን እንደሆነች ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል። በተለያዩ አገሮች በወሲብ ንግድ ላይ ስለተሰማሩ ሴቶች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ግምገማ፣ ከሥራው ጋር በተያያዘ በዘመናቸው ጥቃት የደረሰባቸው እንደ ጥናቱ ቦታ ከ45 እስከ 75 በመቶ እንደሚሆኑ አስቀምጧል። የአዛውንቱ ሒሳብ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጥቃቱ ቀነሰ የሚሉት ከመዝገቡ አንድ ገጽ ገንጥለው ካወጡ በኋላ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ያሉት ሴቶች ሲደፈሩ መደፈራቸው እንደ መደፈር ስላልተቆጠረ ድምሩ ያነሰ ይመስላል።

ለምን አይቆጠርም? ብዙ ሰው «ከፍሎ የለም እንዴ?» ይላል። እንግዲህ ክፍያው ምን እንደሆነ ቀርበን እንየው። ሥራውን የሚያውቁ ሴቶች ውል አላቸው፤ በወረቀት የሰፈረ አይደለም፣ በር ላይ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነው። «ሾርት» ነው ወይስ «አዳር»? ስንት ነው? ብዙዎቹ ገንዘቡን ቀድመው ይቀበላሉ። ኮንዶም ግዴታ ነው። አንዳንዷ በሩ እንዲቆለፍ አትፈቅድም፤ አንዳንዷ ልብሷን ሙሉ በሙሉ አታወልቅም፤ አንዳንዷ መሳምን ለሌላ ሰው አስቀምጣዋለች። እነዚህ ሁሉ የፈቃድ ድንበሮች ናቸው፤ የቤት እመቤትም ብትሆን እንዲህ በግልጽ የተናገረቻቸው አይመስለኝም።

ከዚያ በሩ ይዘጋል። አንድ ሆኖ ተስማምቶ ሲገባ ሁለት ጓደኞቹ ተከትለውት ይገባሉ። መብራት ሲጠፋ ኮንዶሙን ያወልቀዋል። «ሾርት» ብሎ ገብቶ እስኪነጋ አልወጣም ይላል። ሲጨርስ ጉሮሮዋን ይዞ ገንዘቡን መልሶ ይወስዳል። በመጨረሻው ላይ «ሌባ» ብለን የምንጮህ ሰዎች በፊተኞቹ ሦስት ላይ የዋጋ ክርክር ያለ ይመስለናል። ከፒያሳ መገናኛ ድረስ የከፈለ ተሳፋሪ መኪናውን ቀምቶ ደብረ ብርሃን ቢሄድ «ከፍሎ የለም እንዴ?» የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም። ስለ ኮንዶሙ ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ልበል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በ16 ከተሞች በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በዚህ ሥራ ላይ ካሉ ሴቶች ከ18 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ተገኝቷል፤ በአገሪቱ ጠቅላላ አዋቂ ሕዝብ ዘንድ ቁጥሩ አንድ በመቶ ገደማ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 በኃይል፣ በብርቱ ዛቻ፣ ወይም ሴቲቱ ራሷን እንድትስትና መከላከል እንዳትችል በማድረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመን ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ወንዶች ተባብረው ከፈጸሙት፣ ወይም ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ከሆነች ጣሪያው 20 ዓመት ነው። ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ነው። ተበዳይዋ በምን እንደምትተዳደር አንቀጹ አይጠይቅም። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ «ሴተኛ አዳሪ ትደፈራለች እንዴ?» ይላሉ። በሕጉ አዎን፣ ልክ እንደማንኛዋም ሴት።

ሥራው ራሱ ሕገወጥ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ይከተላል። የወንጀል ሕጉ ገላዋን የምትሸጠውን ሴት በዚህ ሥራዋ ብቻ አይቀጣም። አንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላው ገላ የሚተዳደረውን ነው፤ ደላላውን፣ ቤት ከፍቶ የሚያስተዳድረውን። ሴቶችንና ልጆችን ለዚህ ተግባር የሚነግደውን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የሰው ንግድ አዋጅ ቁጥር 1178 በጠነከረ ቅጣት ይዞታል። መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚውን በመጋበዝ ሰፈሩን ማወክ ግን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ሥራሽ ወንጀል አይደለም፣ ደንበኛ የምትጠሪበት መንገድ ግን ሊያስከስስሽ ይችላል። በሌሊት የጥበቃ ፖሊስን ስታይ መጠጋት ይሻላት እንደሆነ መሸሽ፣ እሷም በእርግጠኝነት አታውቅም። አጥቂዋ ግን ይህን ማመንታቷን ያውቃል።

በዚያው በአንቀጽ 620 ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፋቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ «ከጋብቻ ውጪ»። ሕጉ መድፈር የሚለው ከጋብቻ ውጪ የተፈጸመውን ነው። ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በአካል ጉዳት ሊከሰስ ይችላል እንጂ በዚህ አንቀጽ አይከሰስም። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ሚስት ፈቃዷን በሠርጓ ቀን አንዴ ሰጥታ ጨርሳለች ተብሎ ይታሰባል፤ ሴተኛ አዳሪም ገንዘቡን ስትቀበል። ሁለቱም እሺ ካሉ በኋላ እምቢ የማለት ዕድል የላቸውም። አንዷን ሕጉ ራሱ ትቷታል፤ ሌላዋን ሕጉ ባይተዋትም ሰዉ ትቷታል። የማስተንፈሻው ሐሳብ እነዚህን ሁለት ሴቶች በሁለት ጫፍ ያቆማቸዋል፤ አንዷ የምትከበር፣ ሌላዋ እሷ እንድትከበር የምትጣል። አንድ ወንድ ግን ሁለቱንም በአንድ ሐሳብ ሲነካቸው እናያለን።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ለሴቲቱ ስም ሞልቶናል፤ ሴተኛ አዳሪ፣ ዝሙት አዳሪ፣ የቡና ቤት ሴት፣ የማይጻፉትም አሉ። በሩን አንኳኩቶ ለገባው ወንድ ያለን ስም «ደንበኛ» ብቻ ነው፤ ዳቦ ለሚገዛውም የምንለው እሱኑ ነው።

እንደ ምሳሌ አንድ ጊዜ እናስታውስ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚህ ከተማ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከታክሲ ታፍና ተወስዳ በቡድን ተደፈረች፤ ሕይወቷም አለፈ። ከተማው አለቀሰ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ ሰው ፍትሕ ጠየቀ። ማልቀስ የሚገባ ነበር። በዚያ ሰሞን በታክሲ ውስጥ ከሰማኋቸው አባባሎች አንዱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም፤ «ተማሪ እኮ ናት!» ተማሪ ባትሆንስ ኖሮ?

የውጭ አገር ጥናቶች ሲጠቀሱ

የማስተንፈሻው ሐሳብ ደጋፊዎች አሁን አሁን ጥናት ይጠቅሳሉ። ጥናቶቹ አሉ፤ በቅንነት ማየት ይገባል።

ሮድ አይላንድ የተባለችው ትንሽ የአሜሪካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1980 ሕጓን ስታሻሽል ዐይኗ የነበረው መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ስለሚደረገው የሚናገረው ክፍል ሳይታሰብ ከሕጉ ወጣ። ለሃያ ዓመታት ያህል ይህን ልብ ያለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ዳኛ «ይህን የሚከለክል ሕግ የለም» ብለው ክስ ዘጉ፤ ከዚያ በኋላ በ2009 ቀዳዳው እስኪደፈን ድረስ ሥራው በቤት ውስጥ ያለ ስጋት ይካሄድ ነበር። ኢኮኖሚስቶች እነዚያን ስድስት ዓመታት ሲመረምሩ ለፖሊስ የቀረበ የመድፈር አቤቱታ በ30 በመቶ ገደማ መውረዱን፣ የጨብጥ በሽታም በሴቶች ዘንድ በጉልህ መቀነሱን አገኙ። በኔዘርላንድ ከተሞች ለመንገድ ላይ ሥራ የተለየ፣ ፖሊስ የሚጠብቀው ቦታ ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ወሲባዊ ጥቃትና መድፈር ከ30 እስከ 40 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። በአንጻሩ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሻጯን ትታ ገዢውን በመቅጣቷ መድፈር ጨምሯል የሚል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቷል። ይህኛው ብዙ ክርክር ያለበት ነው፤ ስዊድን በመሐሉ የመድፈርን ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2013 አስፍታዋለች፣ በሕግ መድፈር የሚባለው ሲሰፋ ደግሞ ሰው ሳይብስም ቁጥሩ ከፍ ይላል።

«ይኸው፣ ወንዶቹ ሲተነፍሱ መድፈር ቀነሰ» ይሉናል። የቀነሰው ግን የማን መደፈር ነው? የፖሊስ መዝገብ ይህን አይለይም። በሥራው ላይ ያሉት ሴቶች ራሳቸው ከሚደፈሩት መካከል በብዛት ያሉ ናቸው። ከመንገድ ወደ ቤት ሲገቡ፣ ሁለት ሦስት ሆነው ሲሠሩ፣ ፖሊስ ቢጠሩ እስር ቤት እንደማይገቡ ሲያውቁ፣ ያንን ደግሞ ደንበኛውም ሲያውቅ፣ ቁጥሩ መውረድ ሊጀምር የሚችለው ከእነሱ ነው። ፖሊሱም ሴቶች ሲያሳድድ ያጠፋ የነበረውን ሌሊት ወደ ሌላ ወንጀል ሊያዞረው ይችላል። የኔዘርላንዱን ቦታ አስቡት፤ ጥበቃ አለ፣ የጤና አገልግሎት አለ፣ ማረፊያ አለ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ውጤቱን ለወንዱ መተንፈስ መስጠቱ ይደንቀኛል። ጥናቶቹ የሚያሳዩት አንድ ነገር ካለ፣ ሴቲቱ ከለላ ስታገኝ አጥቂው እንደሚያመነታ ነው።

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራውን ከወንጀል ሕግ አውጥታ እንደ ማንኛውም ሥራ አስተዳድራዋለች። በ2014 አንዲት በሥራው ላይ ያለች ሴት ቤቱን የሚያስተዳድረውን ሰው በወሲባዊ ትንኮሳ ከስሳ ረታች፤ 25,000 የኒውዚላንድ ዶላር ካሣ ተወሰነላት። ገላዋን በምትሸጥበት ቤት ውስጥ በቃል መነካካትን እምቢ ማለት እንደምትችል የአንድ አገር ዳኞች ተቀበሉ ማለት ነው። እኛ አገር ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ።

ስዊድንን የተከተሉት ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ፈረንሳይና ሌሎቹ ደግሞ መነሻቸው ሌላ ነው። ስዊድን ገዢውን የሚቀጣውን ሕግ ያወጣችው በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመግታት በወጣ አንድ የሕጎች ስብስብ ውስጥ ነበር፤ በገንዘብ የተገዛ እሺታ እሺታ አይደለም፣ ንግዱ ራሱ ጥቃት ነው ይላሉ። ከዚህኛው ወገን ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ በራሷ ቤት፣ በራሷ ዋጋ፣ በራሷ ሰዓት የምትሠራን ሴት «ዘወትር ትደፈሪያለሽ» ማለት በእውነት የተደፈረችበትን ሌሊት ከሌሎቹ ሌሊቶች ለይታ እንዳትናገር ያደርጋታል። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት ሲነታረኩ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ሴቲቱ መከሰስ የለባትም።

ከአውቶቡስ ተራ

እስካሁን የተናገርኩት ከሥራው ወደ ጥቃት የሚሄደውን መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ይበልጥ የተረገጠው መንገድ ተቃራኒው ይመስለኛል፤ ከጥቃት ወደ ሥራው የሚወስደው።

እንበልና አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ሊድሯት ሲሉ ከገጠር ጠፍታ አውቶቡስ ተራ ወረደች። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ብሎታል፤ የመንደሯ ሰው ሌላ ብሎታል። ሠራተኛ የሚያስቀጥር ደላላ አገኛትና በማግሥቱ ሰው ቤት አስገባት። የምትተኛው ወጥ ቤት ነው፤ የወጥ ቤቱ በር መቀርቀሪያ የለውም። የቤቱ ጎረምሳ ወይም አባወራው አንድ ሌሊት ይመጣል። ብትናገር እመቤቲቱ የምታባርረው ማንን እንደሆነ ልጅቱ አስቀድማ ታውቃለች። ስታረግዝ ትባረራለች። አገሯ እንዳትመለስ ማርገዟ ያሳፍራታል፤ ሌላ ቤት እንዳትቀጠር ልጅ ይዛለች። በአዲስ አበባ ልጅ ያዘለች፣ ዋስ የሌላት፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ልጇን አስተኝታ በማታ ልትሠራው የምትችለው ሥራ ምን ያህል ነው? መንገዱ የታወቀ ነው። መድፈሩ የመጣው ከሥራው ቀድሞ ነው፤ የደፈራትም «የእኛ ሴቶች ልጆች» ከሚኖሩበት ቤት የወጣ ወንድ ነው። የማስተንፈሻው ሐሳብ ለዚህች ልጅ የሚሰጠው ማብራሪያ የለውም። የከተማው ጥቃት አምርቶ ያወጣትን ሴት መልሶ የጥቃቱ መከላከያ ያደርጋታል።

ሁሉም በዚህ በኩል ገቡ አልልም። ባሏ ሲሞት የገባች አለች፤ የጀበና ቡና ስትሸጥ የቤት ኪራይ አልሸፍን ብሏት በማታ የጨመረችው አለች፤ ከዓረብ አገር ተመልሳ የላከችው ገንዘብ አልቆ ያገኘች አለች። ሁሉንም ወደ አንድ ታሪክ መክተት ሌላ ስድብ ነው።

ግድግዳው

ወደ ዶሮ ማነቂያ ልመለስ። ቤቶቹ አብዛኞቹ ጭቃ ነበሩ፤ ክፍል ከክፍል የሚለየው አንዳንዱ ጋዜጣ የተለጠፈበት ስስ ግድግዳ ነበር። ለኑሮ የማይመች ቢሆንም ለአንድ ነገር ግን ያገለግል ነበር። አንዷ ብትጮህ ሌላዋ ትሰማለች። ደንበኛው ሲገባ በሩ ላይ የተቀመጠችው ሻይ ሻጭ ፊቱን አይታዋለች። አከራይዋ እትዬ፣ ክፉም ትሁን ደግ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው እንዲሞትባት አትፈልግም። የሰፈሩ ወጣቶች ከሁለት ብር ጀምሮ የሚጠይቁ ቢሆኑም የተጠሩ ጊዜ ይመጡ ነበር። መጥፎ ሰፈር ነበር፤ ምስክር ግን ነበረበት።

ፒያሳ ከፈረሰ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ሴቶቹ በአንድ ቦታ አልሰፈሩም። የተበተነች ሴት ውሏን የምትጨርሰው በመኪና መስኮት ነው፤ ወደማታውቀው ሰፈር፣ ወደማታውቀው ፔንሲዮን፣ ግድግዳው ወፍራም ወደ ሆነ ክፍል ትሄዳለች። መንገዱ ሰፍቶ መብራቱ በዝቷል፤ ጎረቤት ግን በመንገድ መብራት አይተካም። ለአዛውንቱ ጥያቄ፣ የት ደርሰው ይሆን ላሉት፣ ያለኝ መልስ ይህን ያህል ነው።

በዚህ ከተማ ለተደፈረች ሴት ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ሳይታጠቡ፣ የለበሱትን ልብስ ሳይለውጡ ወይም በወረቀት ከረጢት ይዘው መሄድ ማስረጃ ያተርፋል። ኤች.አይ.ቪ. እንዳይይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ይህ ለማንኛዋም ሴት ነው፤ የሌሊቱ ሥራዋ ምንም ይሁን።

የሕግ ባለሙያ የሆነች ወዳጄ አንድ ማለዳ ከአንዲት ወጣት ጋር ቃል መስጫ ቦታ አብራት ሄዳ ነበር። መርማሪው ትሁት ሰው ነው አለችኝ፤ ወንበር ሰጣት፣ ውኃ አስመጣላት። ስም ጠየቀ፣ ነገረችው። ዕድሜ፣ 22። አድራሻ፣ ከትናንት ወዲያ የቀየረችውን ሰፈር ተናገረች። ሥራ ሲላት ልጅቱ ወዳጄን አየቻት፣ ከዚያ የጫማዋን ጫፍ አየች። መርማሪው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

«አስተናጋጅ» አለች።

ጻፈው።